ከነጃሺ ኹፍ እስከ ልደታ ጃኬት



ዒድ አል-ፊጥር ካለፈ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። እዚሁ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለው ሰፈር የሚመጣ አንድ ተማሪዬ ከዙህር ሶላት በኋላ ተከትሎኝ መጣና «ኡስታዝ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» ብሎ የጃኬቱን ክርን አዞረልኝ። ጥቁሩ «ቆዳ» እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፎ ከሥሩ ያለው ነጭ ጨርቅ ወጥቷል። ጃኬቱን የገዙለት እናቱ ናቸው። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ቤቱ የሚተዳደረው እናቱ እንጀራ ጋግረው በሚያገኙት ገንዘብ ነው። ከረመዷን አስቀድመው ጥቂት ጥቂት እያጠራቀሙ፣ ማታ ማታ መንገድ ዳር ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው «ኦሪጅናል ቆዳ ነው» ተብለው ገዙለት። ልጁን ያስጨነቀው የጃኬቱ መላጥ ብቻ አልነበረም። እናቱ እንዳያዩበት ቤት ሲገባ አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ክርኑን ወደ ውስጥ ደብቆ ያስቀምጠዋል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ያ ክርን ነው። ለብዙዎቹ ቤተሰቦቻችን የቆዳ ጃኬት፣ የቆዳ ጫማ ወይም ቦርሳ በየዓመቱ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ታላቅ ለታናሽ እንዲያወርሰው የሚታሰብ ነው። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ከዋጋውና ከጥንካሬው ሌላ «ከየትኛው እንስሳ ነው? ለብሼው መስገድ እችላለሁ?» የሚል ተጨማሪ ጥያቄ አለብን።

ቆዳ በመካና በሐበሻ መካከል

የሐበሻና የቆዳ ነገር ከኢስላም ታሪክ ጋር የተጋመደ ነው። የመጀመሪያው ሂጅራ ወደ ሐበሻ የተደረገው በ615 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ሲልኩ ባዶ እጃቸውን አልላኳቸውም። ከመካ ዕቃዎች ሁሉ ነጃሺ ዘንድ ይበልጥ የሚወደደው ቆዳ እንደነበረና መልእክተኞቹም ብዙ ቆዳ ሰብስበው እንደመጡ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ነጃሺ ግን ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም። ስጦታውንም መለሱት።

ቆዳው በሌላ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጉዟል። ነጃሺ ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጌጥ የሌለበት አንድ ጥንድ ጥቁር ኹፍ (እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ካልሲ) በስጦታ ላኩላቸው። ነቢዩም ተጫሙት፣ ውዱእ ሲያደርጉም በላዩ ላይ አበሱ። ይህን ቡረይዳ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ መዝግበውታል። ልጆቻችን በኹፍ ላይ የማበስን ሕግ ሲማሩ ስለዚያ ስጦታ ቢነገራቸው ትምህርቱን ይበልጥ የሚያስታውሱት ይመስለኛል።

ያ ስም ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የወሎዋ ባቲ ከተማ በስሟ የሚጠራ የፍየል ቆዳ አላት። የውስጥ ገጹ ጥራት ያለውና የሚተጣጠፍ በመሆኑ፣ ፈይ ያለውን ለስላሳ ቆዳ (ስዌድ የሚባለውን) የሚሠሩ የውጭ ፋብሪካዎች ሲፈልጉት የኖረ ነው። የሰላሌ በግ ቆዳም እንዲሁ በአገሩ ስም ይታወቃል። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት፣ በተለይም ለጎልፍ ጓንት ይመረጣል። (እኛ ሰፈር ጎልፍ የሚጫወት ሰው እስካሁን አላየሁም።) የጫማ ፋብሪካን በተመለከተ፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አርመኖች አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ፋብሪካዎች አቋቁመው ነበር። እዚያ ሙያ የተማሩ ሰዎች የየራሳቸውን ሱቅ እየከፈቱ ሥራው ወደ መርካቶ ተስፋፋ። ዛሬ ሸራ ተራ የሚሄድ ሰው ቆዳውን፣ ሶሉን፣ ማስቲሹንና ክሩን ጎን ለጎን ያገኛል።

አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ስድቡ አሁንም በልጆች አፍ ይሰማል። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) በእጃቸው ቆዳ እያለፉና እየሰፉ፣ ያገኙትን ሶደቃ ያደርጉ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የገዛ ጫማቸውን ራሳቸው ይሰፉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። ጫማ ሰፊ የሆነውን አባቱን ለጓደኞቹ «ነጋዴ ነው» እያለ የሚያስተዋውቅ ልጅ በክፍሌ አስተምሬአለሁና ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

ከመግዛታችን በፊት

ወደ ጃኬቱ እንመለስ። የተማሪዬ ጃኬት ቆዳ አልነበረም። በጨርቅ ላይ የተለበጠ ስስ ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልባጥ በእርጥበትና በላብ እየተበላ ይሰነጠቅና ይላጣል። አንዴ መላጥ ከጀመረ በቀለምም ሆነ በማስቲሽ መልሶ ማዳን አይቻልም። ከዚህ ሌላ የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ በሙጫ ተጋግሮ የሚሠራ አለ። ሻጩ «ቆዳ አለበት» ቢል አልዋሸም፣ ዕድሜው ግን ከፕላስቲኩ ብዙም አይሻልም።

እውነተኛውን ለመለየት ከሁሉ በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ መፈለግ ነው። ከኪሱ አፍ፣ ከአንገቱ ሥር ወይም ከዚፑ ጎን ገልበጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ጭረት ጭረት ያለው ሲሆን የውስጥ ገጹ ፈይ ይላል። ሐሰተኛው ከሥሩ የተሸመነ ጨርቅ ያሳያል። ቀጥላችሁ በአውራ ጣት ተጫኑት። ቆዳ ከሆነ በጣታችሁ ዙሪያ ጥቃቅን መስመሮች ይወጡና ስትለቁት ይጠፋሉ። ፕላስቲክ ዝም ብሎ ይሰረጉዳል። ገጹም አንድ ወጥ ከሆነ፣ የፀጉር ቀዳዳዎቹ በማኅተም የተመቱ ያህል እኩል ከተደረደሩ ጠርጥሩ። እንስሳ በሕይወቱ እሾህ ይቧጭረዋል፣ መዥገር ይነክሰዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ጠባሳ ያለበት ቆዳ ሐቀኛ ነው። በክብሪት አቃጥሎ የሚያሳይ ሻጭ ግን አይመሰጣችሁ። የሚያቃጥልላችሁ የመረጠውን ቁራጭ ነው እንጂ የምትገዙትን ጃኬት አይደለም።

ከውጭ በመጡ ጫማዎች ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ምልክትም ይረዳል። የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ቆዳ መሆኑን ያመለክታል። ሰያፍ አራት ማዕዘን (እንደ ካርታ መጫወቻው ዳይመንድ) ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። መረብ የሚመስለው ደግሞ ጨርቅ ነው።

ከበግ የተሠራ ጃኬት ለስላሳና ቀላል ነው፣ ግን ቶሎ ይቀደዳል። የፍየል ቆዳ ጥርስ ያለው መልክ ኖሮት በክብደቱ ልክ ከሁሉም ይጠነክራል ባይ ነኝ። የላም ወይም የበሬ ቆዳ ከባድ ነው፣ ሞተር ብስክሌት ለሚነዳ ወንድም ይሆናል። ለተማሪ ፍየልን እመርጣለሁ። በየትኛውም ላይ ግን ቆዳውን ብቻ ሳይሆን ስፌቱንና ዚፑን እዩ። ብዙ ጊዜ ጃኬት የሚያረጀው በዚፑ ነው።

ከየትኛው እንስሳ?

ይህ ክፍል ሰፋ ብሎ በፊቅህ ገጾች ሊታይ የሚገባው ነው፣ ዋና ዋናውን ብቻ ላንሣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሞተች በግ አይተው ቆዳዋን አልፍተው ለምን እንዳልተጠቀሙባት ጠየቁ። «በክት ናት» ቢሏቸው ክልክል የሆነው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ይህን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በዚያ ዘመን ማልፊያው ውኃና ቀረዝ (የግራር ዓይነት ዛፍ ፍሬ) ነበር። ዛሬ የጃኬት ቆዳ በአብዛኛው በክሮም ጨው ይለፋል። ዓላማው ያው ነው፤ የሚበሰብሰውን ማስቀረት።

በዚህ መሠረት በሻፊዒይ መዝሀብ ከውሻና ከአሳማ በስተቀር የማንኛውም እንስሳ ቆዳ ሲለፋ ይጠራል። በሐነፊይ መዝሀብ ከሚበሉትም ከማይበሉትም የአሳማው ተለይቶ ይወጣል። የማሊኪይና የሐንበሊይ ሊቃውንት የታወቀው አቋም በበክት ቆዳ ላይ ጠበቅ ይላል። እንግዲህ የላም ቆዳ ጃኬት ሙስሊም ካልሆነ አገር ስለመጣ ብቻ ሊያስጨንቀን አይገባም። የሚያሳስበው አሳማው ነው። ርካሽ የስዌድ ጃኬቶችና የጫማ ገበሮች ከአሳማ ቆዳ መሠራታቸው የተለመደ ነው። መለያው ግን ለዓይን የተሰጠ ነው፦ በአሳማ ቆዳ ገጽ ላይ የፀጉር ቀዳዳዎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ እንደ ትንሽ ጉልቻ፣ ተራርቀው ይታያሉ። የላም ቆዳ ቀዳዳዎች ጥቃቅንና የተጠጋጉ ናቸው። ገጹ ተፍቆ ወይም በማተሚያ ተጨፍልቆ ከሆነ ግን ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ሻጩን ጠይቁ፣ ልባችሁ ካልረጋ ተውት። ወላሁ አዕለም።

አያያዙ

ቆዳን የሚገድሉት ውኃና እሳት ናቸው፣ ይበልጥ የሚገድለው ግን የሁለቱ መከታተል ነው። በሐምሌ ዝናብ የራሰ ጫማ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሲደርቅ ስንቱን ቤት አይቻለሁ! ቆዳው ውስጥ ያለው ቅባት ወጥቶ ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ቀን ጣቶቹ የሚታጠፉበት ቦታ ይሰነጠቃል። የራሰውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ ማድረቅ ነው። ጋዜጣ ስል ግን የአላህ ስም ያለበትን ወረቀት በጫማ ውስጥ እንዳትጨምሩ አደራ። ይህ መጽሔትም በዚያ ውስጥ ይካተታል።

ጃኬት አይዘፈዘፍም፣ በማሽንም አይታጠብም። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ፣ እድፉን በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ማንሣት ይበቃል። የአንገቱ ጥቁረት የላብና የፀጉር ቅባት ነው፣ ስለዚህ ሻርፕ ማድረግ ይረዳል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለቆዳ የተሠራ ክሬም በስሱ መቀባት ያለሰልሰዋል። መጀመሪያ ከማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። የምግብ ዘይትና ቅቤ አይሆኑም። ለሳምንት ያበራሉ፣ ከዚያ ይሸታሉ፣ አቧራ ይስባሉ። የጫማ ቀለምም በጃኬት ላይ አይቀባም፣ በመስጊድ አጠገባችሁ የቆመው ሰው ነጭ ጀለቢያ ምስክር ይሆንባችኋል።

በክረምት ቁም ሳጥን ውስጥ ሻጋታ ቢያወጣ አትደንግጡ። ውጭ አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ አራግፉት፣ ከዚያ በውኃ በቀጠነ አቼቶ በነከራችሁት ጨርቅ ጠርጋችሁ በጥላ አድርቁት። ሻጋታውን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ፌስታል ነው። ቆዳ በፌስታል ታስሮ መተንፈስ አይችልም፣ የድሮ አንሶላ ይሻለዋል። ማንጠልጠያውም ትከሻው ሰፊ ይሁን። የከበደው ዚፕ ላይ የሻማ ሰም ማሸት በቂ ነው።

የመስጊድ ጫማ የራሱ ችግር አለው። ለውዱእ ስንቸኩል ተረከዙን ረግጠን እንደ ነጠላ ጫማ እንጎትተዋለን። የጫማው ጀርባ አንዴ ከተጨፈለቀ አይቀናም። በእርጥብ እግር ቶሎ መግባትም ገበሩን ያበሰብሳል። ለዚህ ለዚህ ነው ኹፍ ያለው። በውዱእ ላይ የተጫማው ሰው በአገሩ ሳለ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ መንገደኛ ከሆነ ሦስት ቀን ከነሌሊታቸው በላዩ ያብሳል። ኹፉን የሚያዘወትር ሰው ስፌቱን ቶሎ ቶሎ ይይ። የተቀደደ ኹፍ ላይ ማበስን በተመለከተ ሊቃውንት ስለ ቀዳዳው መጠን ይለያያሉና ሳይሰፋ ባይዘገይ ይመረጣል።

የዐረፋ በግ ቆዳ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዐረፋ ዕለት የበግ ቆዳ ገዢ እያጣ በየቆሻሻ ገንዳው ሲጣል እናያለን። ከፊሉ ጥፋት የገበያው ነው፣ ከፊሉ ግን የእኛ ቢላ ነው። ቆዳው በቢላ ሲገፈፍ ይበሳል። ሆዱ ተቀድዶ ሌላው በጡጫ ቢገፈፍ ንጹሕ ይወጣል። ከተገፈፈ በኋላ ሰዓታት ሳይቆይ የሥጋ ገጹን ወደ ላይ ዘርግቶ በደንብ ጨው መነስነስ ይገባል። ፀሐይ ላይ ተጠቅልሎ የዋለ ቆዳ እስከ ማታ ፀጉሩ መርገፍ ይጀምራል። የኡድሒያን ቆዳ ለአራጁ በደመወዝ መልክ መስጠት እንደማይቻል ዐሊይ (ረ.ዐ.) ካስተላለፉት ሐዲስ እናውቃለን። ለምስኪን ይሰጣል፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ይገለገልበታል። የወሎ እናቶች እንደሚያደርጉት አልፍቶ መስገጃ ማድረግም አለ። እንዲህ ያለ መስገጃ በክረምት ጉልበትን ከሲሚንቶ ብርድ ያድናል።

ያን ተማሪ ይዤ አንድ ቅዳሜ መርካቶ ወጣሁ። አዲስ የፍየል ቆዳ ጃኬት ከአቅማችን በላይ ነበር። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ገበሩ የተበጣጠሰ፣ ቆዳው ግን ደህና የሆነ ቡናማ ጃኬት አገኘን። ጠርዙን ገለበጥን፣ በአውራ ጣት ተጫንን፣ ብርሃን ወዳለበት ወስደን የክንዱን ቀዳዳዎች አየን። ሦስት ሦስት አልነበሩም። ልብስ ሰፊ አዲስ ገበር ከተተበት። ቤት ሲደርስ እናቱ እጅጌውን ዳሰስ አድርገው «ይሄስ አይላጥም?» አሉት። ክርኑን አዙሮ በጥፍሩ ጫረላቸው።