ዳቦው እንግዳ፣ ቡናው ዘመድ



ከመካነ ሰላም፣ ከማሻና በጠቅላላው ከምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ ልጁን፣ ወንድሙን ወይም እህቱን ወደ ውጭ አገር የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነው። «ምን በልታ ይሆን? ከማን ጋር ቡና ጠጥታ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከእናት አፍ አይጠፋም። እኛም በዚህ እትማችን የእናቶችን ጥያቄ ይዘን፣ ልጆቻችን በሚኖሩባቸው ከተሞች ስለሚያገኙት አንድ ቤት ልንጨዋወት ወደድን። ይኸውም የቬትናሞች የሳንድዊችና የቡና ቤት ነው።

ነገሩ የሩቅ አይምሰላችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ በሜልቦርን ከተማ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤትና የቬትናም ምግብ ቤት ጎረቤታሞች ናቸው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ፎልስ ቸርች በምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው ኤደን ሴንተር የታወቀ የቬትናሞች ገበያ ሲሆን፣ በዚያው አካባቢ የሚኖሩትና የሚነግዱት ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰፈር አዲስ የሳንድዊችና የቡና ቤት ተከፈተ እንበል። የትኩስ ዳቦው ሽታ መንገዱን ሞልቶታል፤ ቡናውም እየተንጠባጠበ ነው። የእኛ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ያመነታል። አንዳንዱ ወጣት አፍሮ ሳይጠይቅ ያገኘውን ይበላል። ሌላው ደግሞ ፈርቶ፣ የተፈቀደለትን ሁሉ በራሱ ላይ እርም አድርጎ፣ ከጎረቤቱም ሳይተዋወቅ ያልፋል። ከሁለቱ የተሻለ መንገድ አለ፤ እሱም ገብቶ በአደብ መጠየቅ ነው።

የዳቦው ታሪክ

ቬትናሞች ይህን ሳንድዊች «ባን ሚ» ይሉታል። ትርጉሙ የስንዴ ዳቦ ማለት ነው። የሚገርመው ግን ስንዴ የአገራቸው እህል አለመሆኑ ነው፤ እነሱ የሩዝ ሰዎች ናቸው። ረጅሙን ዳቦ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይዘውት የገቡት ቅኝ ገዢዎቹ ፈረንሳዮች ናቸው። ፈረንሳዮች ድል ሆነው ቬትናም እ.ኤ.አ. በ1954 ለሁለት ስትከፈል ከሰሜኑ ክፍል ብዙ ሕዝብ ወደ ደቡብ ፈለሰ። ከእነዚህ ስደተኞች መካከል ዳቦውን ሰንጥቀው፣ ሥጋና አትክልት ሞልተው፣ በእጅ ተይዞ እንዲበላ አድርገው መሸጥ የጀመሩ ነበሩ። በሳይጎን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው «ሆዋ ማ» የተባለው ቤት በዚህ ስሙ ይነሳል። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያበቃ እንደገና ስደት ሆነ፤ ስደተኛውም ዳቦውን ይዞ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ፈረንሳይ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቃሉ በታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ ሲወጣ ብዙ የምግብና የመጠጥ ስም ትቶልን ሄዷል። ፉርኖ የምንለው ዳቦ፣ ማኪያቶ የምንለው ቡና በወተት፣ አቼቶ የምንለው ኮምጣጤ ሁሉ ስማቸው የጣሊያን ነው። ሆኖም ዛሬ ፉርኖን የጣሊያን ዳቦ ነው ብሎ የሚሸሸው ማን አለ? ወራሪው ሄዷል፣ ዳቦው የእኛ ሆኗል። ቬትናሞችም እንዲሁ ናቸው። በስደትና በችግር ጊዜ ከሰው እጅ የወጣን ነገር አድሰው ለቤተሰባቸው እንጀራ አደረጉት።

በዳቦው ሆድ ውስጥ ያለው

የተለመደው ባን ሚ ሲሰነጠቅ በአንድ በኩል ማዮኔዝ፣ በሌላው በኩል ከጉበት የተፈጨ ቅባት ይቀባል። በላዩ ላይ ቀዝቃዛ ሥጋ ይደረደራል፤ ከዚያ በአቼቶና በስኳር የተዘፈዘፈ ካሮትና ነጭ ፍጅል፣ ኪያር፣ የድንብላል ቅጠልና ቃሪያ ይከተላሉ። ውድ አንባብያን፣ ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። ጉበቱም ሆነ ቀዝቃዛው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። ሥጋው ሳይታዘዝ እንኳ የጉበቱ ቅባት አስቀድሞ ሊቀባ ይችላል። ስለዚህ «ሥጋ አታድርግልኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

በዚህ ቤት የሚጠየቀው ነገር አራት ነው። አንደኛ፣ ዳቦው ውስጥም ሆነ ላዩ ላይ የአሳማ ስብ ገብቷል ወይ? ሁለተኛ፣ የጉበቱ ቅባት ይቅርልኝ ማለት ይቻላል ወይ? ሦስተኛ፣ ዶሮው ወይም የበሬው ሥጋ ሐላል ከሚያርድ ሥጋ ቤት የመጣ ነው ወይ? አራተኛ፣ ቢላዋውና መጥበሻው ከአሳማው ጋር አንድ ነው ወይ? መልሱ የማያረካ ከሆነ የዓሣ፣ የእንቁላል ወይም ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር ምግብ የገባበትን፣ በንጹሕ ቢላዋና መጥበሻ እንዲሠራለት ማዘዝ ይቻላል። «ቻይ» የምትለውን የቬትናም ቃል ማወቅም ይጠቅማል፤ ሥጋ የሌለበት ማለት ናት። ብዙዎቹ የቡድሃ እምነት ተከታዮች በየጨረቃ ወራቸው መጀመሪያና አጋማሽ ከሥጋ ስለሚታቀቡ ነገሩ ለባለቤቱ አዲስ አይሆንበትም። እኛ የጾም ምግብ ስንባል ወዲያው እንደሚገባን እነሱም ይህ ይገባቸዋል።

ሽታው ጠንከር የሚለው የዓሣ ፈሳሽ ደግሞ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ይህ ዓሣና ጨው ተደባልቀው ለወራት ተቀምጠው የሚገኝ ማጣፈጫ ነው እንጂ አስካሪ መጠጥ አይደለም። እንግዳ ሽታ ሁሉ ሐራም፣ ጥሩ ሽታ ሁሉም ሐላል አይደለም። ከዚህ በላይ የሚያጠራጥረውን መተው ለዲን ጥንቃቄ ነው፤ የፍርዱን ዝርዝር ደግሞ ለዑለሞች እናቆየዋለን።

በራሷ በቬትናምም ሙስሊሞች አሉ። ቻም የሚባሉት ሕዝቦች በአን ዣንግ አውራጃ ለብዙ ትውልድ እስልምናን ይዘው ኖረዋል። በሳይጎን፣ ማለትም ዛሬ ሆ ቺ ሚን በምትባለው ከተማ መሐል፣ ከደቡብ ህንድ የመጡ ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ1935 ያሠሩት መስጊድ ዛሬም ይሰገድበታል፤ በአቅራቢያውም ሐላል ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ሙስሊም የባን ሚ ሻጭን ስለ ሐላል ሲጠይቅ ከሰማይ የወረደ ጥያቄ እየጠየቀ አይደለም።

መጠየቅ የወሎ ወግ ነው

አንዳንድ ወጣቶች «ብጠይቅ ባለቤቱን አስቀይማለሁ» ይላሉ። ይህን የሚሉት የወሎን ሠርግ የረሱ እንደሆነ ነው። በእኛ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ ከዚያም አልፎ ዘመድ ነው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊሙ እንግዳ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፤ ድስቱም ይለያል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። «የእናንተ በዚህ በኩል ነው» ሲባል የሚቀየም የለም፤ እንዲያውም ክብር ነው። ይህን ወግ ያቆዩልን አባቶችና እናቶች ማንንም ሳያስከፉ ሃይማኖታቸውን ጠብቀዋል፤ ሃይማኖታቸውን ሲጠብቁም ከጎረቤት ማዕድ አልተለዩም።

ስለዚህ ከወሎ የሄደ ልጅ በቬትናሙ ቤት በር ላይ ሲቆም ይህ ወግ ስንቁ ይሁን። በፈገግታ ሰላምታ ይስጥ፣ እምነቱን ይንገር፣ ይጠይቅ። ባለቤቱ «አለ» ካለው አመስግኖ ይብላ፤ «የለም» ካለው አመስግኖ ቡናውን ብቻ ይጠጣ።

ቡናውም አንድ ዘመን ተጠይቋል

ስለ ቡናው ከተነሳ፣ ይህ ፍሬ ከእኛ አገር ጫካ የወጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፍዮች ለሌሊት ዚክር እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር። ከየመን ወደ መካና ወደ ካይሮ ሲዘልቅ ግን ክርክር ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካ ሹም የነበረው ኻኢር ቤይ ቡናን ከለከለ። ዑለሞችና ሐኪሞች ተሰብስበው ያስክራል ወይስ አያስክርም፣ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም እያሉ ተከራከሩ። የካይሮው ሱልጣን ግን ክልከላውን እንዳለ አላጸናውም። ውሎ አድሮም ቡና የማያሰክር መሆኑ ተረጋግጦ ሐላልነቱ ጸና። በአገራችን ደግሞ በተቃራኒው ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያን ወገኖቻችን ዘንድ ሳይጠጣ የኖረበት ዘመን ነበር፤ እየተለመደ የመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ዛሬ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሁሉም ይቀመጣል። እንግዲህ ዛሬ ማንም ሳይጠይቅ የሚጠጣው ቡና ራሱ ተጠይቆ ያለፈ ነው።

ቡና ቬትናም የገባው እ.ኤ.አ. በ1857 በፈረንሳይ ሚሲዮናውያን እጅ እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1986 አገሪቱ የኢኮኖሚ ለውጥ ካወጀች ወዲህ እርሻው እጅግ ተስፋፍቶ ዛሬ ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። ነገር ግን በብዛት የምታመርተው እንደ እኛው አረቢካ ሳይሆን ሮቡስታ የሚባለውን ዝርያ ነው። ሮቡስታ መራራ ነው፤ የሚያነቃው ካፌይንም ከአረቢካ እጥፍ ገደማ ነው። እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

አቀራረቡም ከእኛ ይለያል። ጀበና የለም። «ፊን» የምትባል ቀዳዳ ያላት ትንሽ የብረት ማጥለያ በብርጭቆ አፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ቡናው በጠብታ ይወርዳል። ከታች የሚጠብቀው በቆርቆሮ የታሸገ ጣፋጭ ወተት ነው። በዚያ ሞቃት አገር ቀድሞ ትኩስ ወተት እንደልብ ስላልነበረ ነው የቆርቆሮው የተለመደው። ብዙዎች በረዶ ጨምረው ይጠጡታል።

እቤት ሠርተን ቀመስነው

እኛም ነገሩን በወሬ ብቻ እንዳናልፈው እቤት ሞከርነው። ቡናውን ከወትሮው ጠቆር አድርገን ቆላን፤ በጀበና አፍልተን ሁለት ማንኪያ የቆርቆሮ ወተት ባለበት ብርጭቆ ላይ ቀዳን። ልጆቹ ወደዱት። አንዲት እናት ቀምሰው «ይኼ ጣፋጭ ነው እንጂ ቡና አይደለም» ብለው ሲኒያቸውን ወደ አቦሉ መለሱ። እውነታቸውን ነው፤ ከቆርቆሮው ወተት ክብደት ከ40 በመቶ የሚበልጠው ስኳር ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቢቀርበት ይሻላል፤ ሌላውም ለአልፎ አልፎ ቢያደርገው።

ዳቦውን እንዲህ አዘጋጀን። ሁለት ካሮትና አንድ ፍጅል እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥነን ከተፍን። ግማሽ ሲኒ አቼቶ፣ ግማሽ ሲኒ ውኃ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጨው በጥብጠን ለግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍነው። አቼቶ መልካም ማባያ እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማመስገናቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የእጅ ሐላል የሆነ ዶሮ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በሎሚና በቁንጥር ስኳር አሽተን ጠበስን። ፉርኖውን በምጣድ ላይ ቅርፊቱ እስኪንኮሻኮሽ አሞቅነው፤ ሰንጥቀንም ዶሮውን፣ የተዘፈዘፈውን አትክልት፣ ኪያር፣ የድንብላል ቅጠልና ቃሪያ ሞላንበት። ትኩሱ ሥጋና ቀዝቃዛው አትክልት፣ ጣፋጩና ኮምጣጣው አንድ ላይ ሲገናኙ ይህ ዳቦ ለምን ዓለምን እንደዞረ ገባን። ዶሮ የማይገኝበት ቤት የተጠበሰ እንቁላል ይበቃል። ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳም የሚሆን ነው።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን በስልክ «እንዳትበላ!» ከማለት ይልቅ «ጠይቀህ ብላ» በሏቸው። መከልከል ብቻውን ልጁ ከወላጁ እንዲደበቅ ያደርገዋል፤ መጠየቅን የተማረ ልጅ ግን ማንም ሳያየውም ይጠይቃል። ወጣቶች ሆይ፣ ዲናችሁን መናገር አታፍሩበት። የቬትናሙ ጎረቤታችሁም እንደ እናንተ ስደተኛ ወይም የስደተኛ ልጅ ነው፤ የአገሩን ዳቦ ይዞ መጥቷል፤ ዳቦው ምን እንደያዘ ሲጠየቅ የሚነግራችሁ ደስ እያለው ነው። እናንተም በተራችሁ እሑድ ከሰዓት ጀበና ጥዳችሁ ጥሩት። አቦሉን፣ ቶናውን ጠጥቶ ሦስተኛው ሲኒ ለምን በረካ እንደሚባል ይጠይቃችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ መልሱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

አላህ ሐላል የሆነውን ሲሳይ ያብዛልን፣ በሩቅ ያሉትን ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።