ኃይሌ ገሪማ ተዋናይ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ

በ2011 ዓ.ም. በአንድ የቤተዘመድ የውርስ ክርክር ምክንያት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስጓዝ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐሙሲት ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማውን እያንከባለለ ወደ ጎሚስታ ሲያመራ እኛ ተሳፋሪዎቹ በየሻይ ቤቱ ተበተንን። እኔ የገባሁባት ሻይ ቤት ግድግዳዋ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ያሳያል። አግዳሚ ወንበር ላይ የተኮለኮሉ አምስት ስድስት ወጣቶች ዓይናቸውን ከመስኮቱ አይነቅሉም። ዋናውን ገጸ ባሕሪ አንድ ሰው ከኋላው ሲያደባበት ከወጣቶቹ አንዱ ብድግ ብሎ፣ «ኧረ ዙር! ከኋላህ ነው!» ሲል ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ግን አንድ ሌላ የጎንደር ልጅ ትዝ አሉኝ።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። ጎንደር ሲኒማ ቤት ገብተው ታርዛንን ሲያዩ፣ በፊልሙ ውስጥ ያሉት አፍሪካውያን ከኋላ ቀስ ብለው ሲጠጉት የጎንደር ልጆች ታርዛን እንዳይያዝባቸው ይጮኹ ነበር። ከሲኒማው ወጥተው በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ካውቦይና ቀይ ህንድ ሲጫወቱም ህንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ ልጅ አልነበረም። ሰውየው ኋላ ላይ የሠሯቸውን ፊልሞች በሙሉ የዚያ ጩኸት ማረሚያ አድርጌ ብወስዳቸው የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ለወጣቶቹ፣ «ታሪኩ እዚሁ ጣና ዳር የሆነ፣ ‹ጤዛ› የሚባል ፊልም አይታችኋል? የኃይሌ ገሪማ ነው» አልኳቸው። የጮኸው ልጅ ዞሮ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ሯጩ ኃይሌ ፊልም ሠራ እንዴ?» አለኝ።

ልጁን አልወቅሰውም። የሕግ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስይዝ እኔም ስለ ሰውየው የማውቀው ከስማቸው ብዙም አይዘልም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ላወራ የፈለግሁትም ብዙ ስለተጻፈለት ዳይሬክተር አይደለም፤ ከዳይሬክተሩ በፊት ስለነበረው፣ ቶሎ ስለተሰናበተን ተዋናይና ስላሳደገው ቤተሰብ ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ መምህር፣ ጸሐፌ ተውኔትና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘውን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የጎንደር አርበኞች ያደረጉትን ተጋድሎ የሚተርከውን መጽሐፍ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከመጽሐፉ ሌላ ደግሞ ተውኔት እየደረሱ፣ ቡድን እያደራጁ፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ያሳዩ ነበር። ልጃቸውም በዚያ ቡድን ውስጥ ተዋናይ ሆኖ አደገ። ማታ ማታ ደግሞ እሳት ዳር የአያት ተረት ነበረ። እንግዲህ ይህ ልጅ በአንድ በኩል ቤቱ የራሱን ሕዝብ ታሪክ በመድረክ የሚያሳይ፣ በሌላ በኩል ሲኒማ ቤት ሲገባ ለታርዛን የሚጮህ ልጅ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ራስ ውስጥ እንዴት ተስማምተው እንደኖሩ ለእኔ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል፤ ምናልባት ልጅነት እንዲህ ያለውን ቅራኔ ችሎ ያኖር ይሆናል።

በ1967 ትወና ሊማሩ ወደ ቺካጎ፣ ወደ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ሄዱ። ተዋናይ ሆኖ የመኖር ሕልማቸው የተሰበረውም እዚያው ነው። አባቱ በጻፈው ተውኔት ላይ የጀግና ቃል ሲናገር ላደገ ልጅ የአሜሪካ መድረክ ያዘጋጀለት ቦታ የአሽከርና የበታች ሚና ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ይችላል፤ «ዛሬ አሽከር ልጫወት፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል» ይላል። ይህንንም ነውር አልለውም፤ እንጀራ ነው። ኃይሌ ግን አልቻሉም። ተዋናይ የተሰጠውን ቃል ነው የሚናገረው፤ ቃሉን የሚጽፈውና ካሜራውን የሚያዞረው ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ ሚናው አይለወጥም የሚል መደምደሚያ ላይ የደረሱ ይመስለኛል። ቺካጎን ትተው ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ማጥናት ጀመሩ። እዚያ ያገኟቸው እነ ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክና ጁሊ ዳሽ ኋላ «የሎስ አንጀለስ አመጽ» በሚል ስም የታወቁት የጥቁር ፊልም ሠሪዎች ትውልድ ናቸው።

ተዋናዩ ኃይሌ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። በተማሪነት ዘመናቸው የሠሩት «ቡሽ ማማ» በሎስ አንጀለስ ድሃ ሰፈር ስለምትኖር አንዲት ጥቁር ሴት የሚተርክ ፊልም ነው። መክፈቻው ላይ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን መንገድ ላይ አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ያ ትዕይንት የተጻፈ አይደለም፤ የሚፈተሹት ራሳቸው ዳይሬክተሩና የቀረጻ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ካሜራው እየሠራ ስለነበር ቀረጸው፣ እሳቸውም በፊልሙ ውስጥ አስገቡት። ከአሽከርነት ሚና ሸሽተው የወጡት ሰው አገሪቱ ራሷ የመደበችላቸውን ሚና ያለ ልምምድ ተጫወቱ። ልዩነቱ፣ የዚህኛው ፊልም ባለቤት እሳቸው መሆናቸው ነው።

በ1974 ካሜራ ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱና «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀረጹ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ተዋናዮቹ በአብዛኛው ተዋናዮች አይደሉም፤ አራሾች ናቸው። ለባለ ርስት የሚገብር አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ መሬቱን ተነጥቆ «አበደ» የተባለ፣ እውነቱን ግን ከሁሉም በላይ የሚናገር ከበበ የሚባል ሰው አለ። ውድ አንባቢያን፣ እኔ የሕግ ተማሪ ሳለሁ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31/1967ን አንቀጽ በአንቀጽ አጥንቻለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ጭሰኛ ጌታው ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ እጁን የት እንደሚያደርግ፣ ዓይኑን የት እንደሚጥል ያየሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ ፊልም ነው። ቀረጻው የተካሄደው አዋጁ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ስለነበር፣ ሥርዓቱ ሊሞት ሲል የተነሳ የመጨረሻ ፎቶግራፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተዋናዮችን በደንብ የሚያውቅ ሰው ተዋናይ ያልሆኑትን መምረጡም የሚያስተምር ነው፤ ይህን አቋቋም ማንም የድራማ ትምህርት ቤት አያስተምረውም። ፊልሙ በ2006 በማርቲን ስኮርሴዚ ድርጅት ድጋፍ ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ውስጥ ታድሷል።

ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይሆናል። ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ራሳቸው ፊልም ሠሪ ናቸው። በ1982 የሠሩት ዘጋቢ ፊልም በዋሽንግተን ድሆች ጥቁር ነዋሪዎች ከሰፈራቸው እንዴት እየተገፉ እንደሚወጡ ያሳያል። ባልና ሚስት ስለ ባርነት «ሳንኮፋ»ን በ1993 አጠናቀው ሲያቀርቡ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም። ፊልሙ በጋና የባሪያ ምሽጎችና በጃማይካ የተቀረጸ፣ ዘመናዊት የፎቶ ሞዴል ወደ ኋላ ተመልሳ በባርነት ስትኖር የሚያሳይ ነው። እነሱም ሌላ አካል እስኪራራላቸው አልጠበቁም፤ ሲኒማ ቤት በኪራይ እየያዙ፣ በየከተማው ያሉ የጥቁር ማኅበረሰብ ቡድኖችን እያስተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። የአባ ገሪማን ተዘዋዋሪ ቡድን ላስታወሰ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጽሑፉም፣ ትወናውም፣ ማሳያውም ከአንድ ቤት።

እዚህ ላይ የሕግ ሰውነቴ ጣልቃ ቢገባ ይቅርታ ይደረግልኝ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናዩን «ከዋኝ» ብሎ መብት ይሰጠዋል። መልካም ነው። በተግባር ግን የእኛ ተዋናይ የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ ያውም በቃል ስምምነት ነው፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ የት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚሸጠው አያውቅም። የኃይሌ ገሪማ ሕይወት የሚያሳየው መብት በወረቀት ከመስፈሩ በፊት ኔጋቲቩን ይዞ፣ ማከፋፈያውን በእጅ አድርጎ የሚኖር ሰው እንደነበረ ነው። ዋጋው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከ«ሳንኮፋ» እስከ ቀጣዩ ልብ ወለድ ፊልማቸው «ጤዛ» አሥራ አምስት ዓመት ሄዷል። ለሌላ እጅ ቢሰጡት በዚያ ጊዜ አምስት ፊልም ይወጣቸው ነበር፤ የማን ፊልም እንደሚሆን ግን እንጃ።

«ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። አሮን አረፈ የተጫወተው አንበርብር ጀርመን አገር ተምሮ፣ በደርግ ዘመን ተመልሶ፣ ጓደኛው ተገድሎበት፣ እንደገና ጀርመን ሄዶ በዘረኞች ጥቃት እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር ወዳለችው የእናቱ መንደር ይመለሳል። ተከለች በየነ የተጫወቷት እናት ስለ ርዕዮተ ዓለም አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ልጇን ብቻ ታያለች። መንደሯ አጠገብ የጣሊያን ሐውልት ያለበት ኮረብታ አለ፤ ልጁ ወደዚያ ሲወጣ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ ልጅ እንደቀረጸው ትዝ ይለናል። እንከን የለውም አልልም። የጀርመኑ ክፍል ላይ ገጸ ባሕሪያቱ አንዳንዴ እንደ ጥናት ክበብ ንግግር ያደርጋሉ፤ ሁለት ሰዓት ከሃያው ደቂቃም አልፎ አልፎ ይከብዳል። የእናትየዋ ዝምታ ግን ንግግሩን ሁሉ ይክሰዋል።

ከዚያ ልጅየው መጣ። መራዊ ገሪማ በ2020 «ሬዚዱ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን አቀረበ። ካሊፎርኒያ ፊልም ሲማር የቆየ ወጣት ወደ ዋሽንግተን ሰፈሩ ሲመለስ ሰፈሩ በነጮች ተይዞ፣ ጓደኛው የት እንደገባ የሚነግረው አጥቶ ያገኘዋል። አባትየው በ«ጤዛ» የተረኩት ተመልሶ አገሩን ስላጣ ሰው ነው፤ እናትየው በ1982 የቀረጹት የዚያችኑ ከተማ ነዋሪዎች መፈናቀል ነው። ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ ወርሷል። የቤተሰቡ መደብር ራሱ በ2019 የአካባቢው ዋጋ ንሮበት የንብረት ግብር እፎይታ ለማግኘት የከተማውን ምክር ቤት እስከ መማጸን ደርሶ ነበር። «ሳንኮፋ» ደግሞ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2021 በአቫ ዱቬርኔይ ድርጅት በኩል ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ ሙዚየም ለኃይሌ ሽልማት ሰጣቸው። በአሽከርነት ሚና የተቀበለቻቸው አገር በክብር እንግድነት የጠራቻቸው ሰባ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ነው።

ወደ ሐሙሲት ልመለስ። ሾፌሩ ጎማውን አስጠግኖ ጥሩምባ ሲነፋ፣ የጮኸው ልጅ ተከትሎኝ ወጣና፣ «ጋሼ፣ ያሉት ፊልም በፍላሽ ይገኛል?» አለኝ። የቅጂ መብት አዋጁን አስቤ ትንሽ ተንተባተብኩ። ቤቴ አንድ ቅጂ እንዳለኝ፣ ከየት እንዳገኘሁትም አላስረዳሁትም። ስልኩን ግን መዘገብኩ። የጉማራን ድልድይ ተሻግረን የፎገራ ሜዳ ሩዝ ከግራ ከቀኝ ሲዘረጋ እኔ የማስበው የማልክለትን መንገድ ነበር። በማግስቱ ወረታ ፍርድ ቤት የተከራከርንበት የይዞታ መብት ከዚያ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ለልጁ ከ«ጤዛ» ይልቅ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ላስቀድምለት አልኩ። እስከ ዛሬ አንዱንም አልላክሁለትም።