ካልኩሌተርና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና



የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ተማሪው ሁሉ የቀድሞ ፈተና ያስገለብጣል። ወላጆችም «ካልኩሌተር ልግዛልህ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አሳባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ወደዚህ ፈተና ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይፈቀድም። ስለዚህ መሣሪያው በዝግጅት ጊዜ የሚጠቅምበትንና የሚጎዳበትን ጥቂት ለማስረዳት እወዳለሁ።

ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ ተሻሽሎ 8.4 ከመቶ ደረሰ፤ ይኸውም ከ12 ተማሪ አንዱ መሆኑ ነው።

በአሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚወሰደው ኤስ.ኤ.ቲ. የተባለው ፈተና ካልኩሌተር ይፈቅዳል፤ እንዲያውም ዛሬ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ካልኩሌተሩ ከጥያቄው ጋራ አብሮ ይቀርባል። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በእኛ ፈተና የሚገረሙት ስለዚህ ነው። ምስጢሩ ግን በጥያቄዎቹ አወጣጥ ላይ ነው። ለምሳሌ መሠረቱ 10 ሆኖ የ4 ሎጋሪዝምና የ25 ሎጋሪዝም ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ ቢባል፣ ካልኩሌተር የለመደ ሰው 0.602 እና 1.398 አውጥቶ ይደምራል። ሕጉን የሚያውቅ ግን 4 ጊዜ 25 መቶ መሆኑን አይቶ «2» ብሎ ያልፋል። ሳይን 75 ዲግሪንም እንመልከት። ካልኩሌተሩ 0.9659 ይላል፤ የምርጫው መልስ ግን (√6+√2)÷4 ተብሎ የተጻፈ ነው። ቁጥሩን ይዞ መልሱን መፈለግ ሌላ ሥራ ይሆናል፤ 75 ማለት 45 እና 30 ነው ብሎ የተነሣ ተማሪ ግን በቀጥታ ይደርስበታል።

እኛ ስድስት ሆነን ቅዳሜ ጧት አንድ የቀድሞ ፈተና እንሠራለን። በእጃችን ያሉት የተፈጥሮ ሳይንስ የሒሳብ ወረቀቶች 65 ጥያቄ ለ3 ሰዓት የሚሉ ናቸው፤ ለአንዱ ጥያቄ 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስልክ ሁሉ ተጠፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሰዓቱ ሳይያዝ የተሠራ ፈተና፣ በእኔ አስተያየት፣ ከተራ የቤት ሥራ አይለይም።

ዋናው ትምህርት የሚገኘው ከእርማቱ ነው። የሳትነውን በሦስት እንለያለን፤ ትምህርቱን ያላወቅነው፣ ጥያቄውን አጣመን ያነበብነው፣ መንገዱ ትክክል ሆኖ ስሌቱ የተበላሸው። ካልኩሌተር የሚወጣው ለሦስተኛው ነው፤ እያንዳንዱን መስመር እየመታን ማባዛቱ የት ላይ እንደ ተበላሸ እናገኝበታለን። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። መሣሪያው በራዲያን ተደርጎ ከሆነ ሳይን 30 ግማሽ መሆኑ ቀርቶ -0.988 ይሆናል። ደግሞም ከወረቀቱ ጋራ የሚሸጠው መልስ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ማን እንዳዘጋጀውም አይታወቅም። ስድስታችን አንድ መልስ አግኝተን ወረቀቱ ሌላ ሲል ወደ መምህራችን እንሄዳለን። በእንዲህ ያለው ክርክር የተገኘ ትምህርት ከአእምሮ አይጠፋም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ከወረቀቱ ሌላ በኮምፒውተርም ይሰጣል። በኮምፒውተር ላይ ደግሞ በጥያቄው ሥዕል ላይ መሥመር ማስመር አይቻልም። ስለዚህ የጥያቄውን ወረቀት ሳንነካ ሦስት ማዕዘኑንና ግራፉን በሌላ ወረቀት ላይ እየሣልን እንለማመዳለን፤ ለዚህም ከ3ቱ ሰዓት ውስጥ በቂ ደቂቃ መተው ያስፈልጋል።