የአያቶቹ ደም

በ1976 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአርጀንቲና ጦር መንግሥት ገልብጦ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ተወስደው ደብዛቸው ከጠፋ ወጣቶች መካከል ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። እስር ቤት ውስጥ ከወለዱ በኋላ ተገደሉ። ጨቅላዎቹ ለወታደሮችና ለሌሎች ቤተሰቦች ተሰጡ፤ ከፊሎቹ በጉዲፈቻ፣ ብዙዎቹ ደግሞ በሐሰት የልደት ወረቀት የአሳዳጊዎቻቸው የአብራክ ልጆች ተብለው። በ1977 የተመሠረተው «የፕላሳ ዴ ማዮ አያቶች» ማኅበር ቁጥራቸውን ወደ 500 ያደርሰዋል።

አያቶቹ የልጅ ልጃቸውን በመልኩ ቢጠረጥሩም «ዓይኑ የልጄን ዓይን ይመስላል» ማለት ዳኛ አያሳምንም። አባትነትን በደም መመርመር ያኔም ይቻል ነበር። እዚህ ግን እናትም አባትም የሉም። አንድ ትውልድ ዘልሎ ዝምድናን ማረጋገጥ ይቻላል ወይ? ይህን ጥያቄ ይዘው ከአገር አገር ዞሩ። በ1984 አሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግ ወደ አርጀንቲና ሄደው ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር መሥራት ጀመሩ።

መነሻቸው ኤችኤልኤ የሚባሉት፣ በሴሎቻችን ገጽ ላይ የሚገኙ ፕሮቲኖች ነበሩ። ኩላሊት ከመለገሱ በፊት የሚመረመሩት እነዚሁ ናቸው። ዓይነታቸው እጅግ ብዙ ስለሆነ ሁለት ባዕዳን ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙት ከስንት አንዴ ነው። እያንዳንዳችን አንዱን ስብስብ ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንወርሳለን፤ እነሱም የሰጡን ከገዛ ወላጆቻቸው ያገኙትን ነው። ስለዚህ አራቱም አያቶች ደም ከሰጡ፣ የልጁ አንደኛው ስብስብ በእናቱ ወላጆች፣ ሁለተኛው በአባቱ ወላጆች ዘንድ መገኘት አለበት። አንዱ ከጎደለ ጥርጣሬው ይወድቃል። ሁለቱም ከተገኙ፣ እነዚያ ዓይነቶች በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል ብርቅ እንደሆኑ ይታይና መመሳሰሉ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ይሰላል።

አራት አያት ግን ሁልጊዜ በሕይወት አይገኝም። ለዚህ ማይቶኮንድሪያ ጠቀመ። ለሴል ኃይል የሚያመነጩት እነዚህ ክፍሎች 16,569 ፊደላት ያሉት የራሳቸው ትንሽ ዲኤንኤ አላቸው። ሌላው ዲኤንኤ በየትውልዱ ሲደባለቅ ይህኛው ሳይደባለቅ ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር የአባቶችን ስም እንደረድራለን፤ ማይቶኮንድሪያ ደግሞ አባት የሚባል አያውቅም። የእናት እናት ወይም የእናት እህት ብትገኝ ለንጽጽር ትበቃለች። እክሉ፣ በዚያው የእናት መስመር የተወለዱት ሁሉ ስለሚጋሩት ዘሩን እንጂ ሰውየውን ለይቶ አያሳይም። ለዚህም ነው ዛሬ ከሌሎች የዲኤንኤ ምልክቶች ጋር አብሮ የሚታየው።

ልጆቹ ሳይገኙ አያቶቹ እያረጁ ሄዱ። በ1987 በወጣ ሕግ ብሔራዊ የዘረመል መረጃ ባንክ ተቋቋመ፤ የዘመዶችን ናሙና ይዞ፣ ማንነቱን የተጠራጠረ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። ከቴክኖሎጂው ሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይህ አርቆ ማሰብ ነው፤ ፈላጊዋ ብታልፍም ፍለጋዋ ይቀጥላል። እስካሁን ከ130 በላይ ሰዎች ወላጆቻቸውን አውቀዋል።

ከእነዚህ አንዱ ኢግናሲዮ የተባለ ፒያኖ ተጫዋች ነው። የማደጎ ልጅ መሆኑን ያወቀው በ2014፣ በ36 ዓመቱ ነበር። ደሙን ሲሰጥ እናቱ ወልዳው በሁለት ወር ገደማ የተገደለችው ላውራ ካርሎቶ፣ አያቱም የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኤስቴላ ዴ ካርሎቶ ሆነው ተገኙ።

በጉዲፈቻ ማደግን ዘግይቶ መስማት የሚያቆስለው ግን ግፍ በሌለበት ቤትም ነው። ሐኪም «በቤተሰባችሁ ስኳር አለ? ደም ግፊትስ?» ሲል ለዓመታት የሰጡት መልስ ሁሉ በአንድ ቀን ዋጋ ያጣል። አማንዳ ባደንና ባልደረቦቿ በ2019 ባሳተሙት፣ በጉዲፈቻ ያደጉ 254 አዋቂዎች በተጠየቁበት ጥናት፣ ይህን ከ3 ዓመታቸው በኋላ የሰሙት የበለጠ ጭንቀትና አነስተኛ የሕይወት እርካታ ተናግረዋል። መጠይቅ ስለሆነ መንስኤውን ለይቶ አያረጋግጥም። ሆኖም ብዙ ወላጅ «ትንሽ ይደግና እነግረዋለሁ» የሚልበት ዕድሜ እንኳ የዘገየ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል።

ላውራ ልጇን ጊዶ ብላው ነበር። እሱ ኢግናሲዮ መባሉን አልተወም፤ የወላጆቹን ስም፣ ሞንቶያ ካርሎቶ የሚለውን፣ ከጎኑ ጨመረበት።