ምክር ትእዛዝ ሆኖ ሲሰማ

ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ያድራል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትናከሰው በሌሊት ነው፤ በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ታዲያ አንድ ባለሙያ መጥቶ «ያለ አጎበር መተኛት ድንቁርና ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይተኛ!» ቢል፣ ሰሚው ምክሩን ትቶ «ይህ ደግሞ ማን ነውና ያዘኛል?» ማለቱ ስለ ምን ይሆን?

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጃክ ብሬም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሰው የመምረጥ ነጻነቱ የተነካ ሲመስለው እርሱን ለማስመለስ የተከለከለውን ይበልጥ ይሻል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ድርጊትና አጸፋ የምንለውን ይመስላል፤ ይሁንና የኒውተን አጸፋ ዘወትር ከድርጊቱ ጋር እኩል ሲሆን፣ የሰው አጸፋ ግን እንደ አነጋገሩ ይጨምራል፣ ይቀንሳልም።

እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ መንገደኞች ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ሳንቲም ሲጠየቁ «መስጠትም ሆነ አለመስጠት የእርስዎ ፈንታ ነው» የሚል ቃል በታከለበት ጊዜ የሰጪው ቁጥር በእጅጉ ጨምሯል።

ስለዚህ ባለሙያው የሚያውቀውን ሳይሸሽግ ይንገር፤ ውሳኔውን ግን ለሰሚው ይተው። እኛም ሰሚዎቹ በተቆጣን ጊዜ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ያስቆጣን ነገሩ ሐሰት ሆኖ ነው ወይስ ተናጋሪው አዛዥ መስሎን? አነጋገሩ ቢጎረብጠንም ዝንቧ መናከሷን አትተውምና።