ድጋሚው ስልክ ውስጥ ነው

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ዲላ ላይ አክስቴን ማታ ቤቷ ማግኘት አይታሰብም። የቡና ነጋዴ ናትና ቡና ሲቀላ ከሚዛን አትለይም። ገበሬው ቀኑን ሲለቅም ውሎ እሸቱን ይዞ የሚመጣው ወደ ማምሻው ስለሆነ ግዢው የሚጧጧፈው ሲመሽ ነው። የተገዛው ደግሞ ሳያድር መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይግላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ከዲላ ወደ ወናጎና ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር፣ መፈልፈያ ባለበት መንደር ሁሉ፣ በዚህ ወቅት ሞተሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይጮኻል። ተከታታይ ድራማ ግን የሚተላለፈው ከምሽቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

አክስቴ ታዲያ ከቤት ስትደርስ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ድጋሚው መቼ ነው?»

ድጋሚ የምንለው ጣቢያው ያስተላለፈውን መልሶ ሲያሳይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚውለው በማግሥቱ ወይም በሳምንቱ መሃል፣ ሰው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ያን ሰዓት አመቻችታ ብትቀመጥ እንኳ መብራት ይሄዳል። መብራት ቢኖር ደግሞ ዝናብ ሲወርድ ሪሲቨሩ «ሲግናል የለም» ይላል። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሳህን አለ። አንዱ ወደ ምዕራብ አጎንብሶ ናይልሳትን ያያል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ሰማዩን አንጋጦ 57 ዲግሪ ላይ ያለችውን ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ያያል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮሳት የምንላት እሷን ነው። ሁለቱም ሳህኖች የሚያመጡት ጣቢያው በዚያች ደቂቃ የሚልከውን ብቻ ነው። ያለፈውን አያውቁም።

ያለፈውን መልሶ የማየት ንግድ ዲላ ላይ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ካሴት ተከራይቶ፣ ጎረቤት ሰብስቦ ማየት ነበር። ቀጥሎ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ኮምፒዩተር ይዞ የሚቀመጠው ልጅ መጣ፤ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ተቀብሎ ድራማውን ከነምዕራፉ ጭኖ ይመልሳል። ሒሳቡ በፊልም ብዛት ወይም በጊጋ ነበር። ባለመብቱ አምስት ሳንቲም አያገኝም፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን ሐቁን ከተናገርን፣ የገጠሩን ተመልካች ከሰዓት ባርነት መጀመሪያ ያወጣው ያ ልጅ ነው። ዛሬም አልጠፋም፤ ገሚሱ ወደ ቴሌግራም ተዛውሯል እንጂ።

ሕጋዊው መንገድ በሌላው ዓለም ብዙውን ጊዜ በራሱ በጣቢያው ነው የተሠራው። የእንግሊዙ ቢቢሲ አይፕሌየር የሚባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2007 የፈረንጆች ገና ዕለት ሲከፍት ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ያመለጠህን ፕሮግራም ለሰባት ቀን አቆይልሃለሁ፣ በፈለግከው ሰዓት እይ። ቀኑ በኋላ እየተራዘመ ሄደ፤ ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ከጣቢያው እጅ ወጥቶ ወደ ተመልካቹ መዞሩ ነው። እኛ አገር ያን ሥራ የያዘው በአብዛኛው ዩቲዩብ ነው። ኢቢሲ፣ ኢቢኤስ፣ ፋና፣ አርትስና ቃና ሁሉም እዚያ የየራሳቸው ቻናል አላቸው። ማታ የታየው ክፍል በዚያው ሌሊት ወይም በማግሥቱ ይጫናል፤ ከተጫነ በኋላም በሰባት ቀን አይነሳም። ከተከታታይ ድራማዎቹ «ምን ልታዘዝ»ንም ሆነ «እረኛዬ»ን ዛሬ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ፕሮግራም መጠበቅ የለበትም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት የሠራው ያለፈው እንዳለፈ በሚቀርበት ሥርዓት ነበር፤ ዩቲዩብ ያን ሥርዓት ገለበጠው።

አክስቴን ላስጀምራት የተነሳሁት ባለፈው ዓመት በቡና ወቅት ነው። ስማርት ስልክ ነበራት፤ የምትጠቀምበት ግን ለመደወልና በቴሌብር ለመክፈል ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ችግር ፊደል መጻፍ ነው። ጣቷ ሚዛን የለመደ ነው፤ ትንንሽ ፊደል መንካት ያናድዳታል። ይህን የፈታው የስልኩ የፊደል ገበታ ላይ ያለችው የማይክ ምልክት ናት። ጉግል ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማርኛ ንግግር ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ገበታውን ወደ አማርኛ አዞርኩላትና ማይኳን ነክታ «እረኛዬ ክፍል ሦስት» አለች። ጻፈላት። ስልኩን ከፊቷ አራቀችና «ሰማኝ እንዴ?» ብላ እኔን አየችኝ።

የሰማው ግን ጥሩውን ብቻ አላመጣም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ውጤቶች የጣቢያው አልነበሩም። አንዱ «ክፍል 3» ይላል፤ ሲከፈት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ድራማውን በቃሉ ይተርካል። ሌላው ቅምሻውን ደጋግሞ ያሽከረክራል። ሦስተኛው ፎቶው የድራማው፣ ውስጡ የሌላ ነገር ነው። ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ከኮኔክሽን ይልቅ ይኼ ይመስለኛል። ለአክስቴ ያስተማርኳት ሦስት ነገር እንድታይ ነው፤ ከስሙ ጎን የማረጋገጫ ምልክት መኖሩን፣ ክቧ ሥዕል ቴሌቪዥን ላይ የምታውቀው የጣቢያው ዓርማ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ርዝመቱን። ቴሌቪዥን ላይ አርባ ደቂቃ የሚወስድ ድራማ ስልኩ ላይ ሰባት ደቂቃ ከሆነ ድራማው አይደለም። ይህን ሦስተኛውን ወዲያው ያዘችው። ኪሎ ሲጎድል በዓይኗ የምታውቅ ሴት ናት።

እውነተኛውን ቻናል ስናገኝ ሰብስክራይብ አልንና ደወሏን ነካን። ከዚያ በኋላ መፈለግ ቀረ፤ አዲስ ክፍል ሲጫን ስልኩ ራሱ ይጠራታል። እዚያው ቻናል ውስጥ ክፍሎቹ በተራ የተደረደሩበት ዝርዝር አለ፤ እሱን ከፍቶ ከክፍል አንድ መጀመር ነው። አንዳንዱ ጣቢያ ርዕሱን በፈረንጅ ፊደል ስለሚጽፍ በአማርኛ ሲፈለግ ላይመጣ ይችላል። ከዝርዝሩ መግባት ይህንንም ያስቀራል።

የመጀመሪያዋ ምሽት ግን በኪሳራ ነው ያለቀችው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ምስሉ ጠርቶ እንዲታያት ብዬ ጥራቱን እስከ ላይ ሰቀልኩት። አንድ ጊጋ ዳታ ሞልታ ነበር። ድራማው ሳያልቅ፣ እናትየው በሩን ከፍታ ልትገባ ስትል፣ ክቧ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፤ ከዚያ ጥቅሉ ማለቁን የሚናገር መልእክት መጣ። አክስቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይኼ ነገር እኮ ከእንግዳ ይበልጥ ይበላል» አለች።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጣቢያው አንድ ክፍል ሲጭን ዩቲዩብ ያንኑ ክፍል በተለያየ መጠን ያባዛዋል። 144፣ 240፣ 360፣ 480፣ 720፣ 1080 የሚሉት ቁጥሮች ምስሉ ከላይ እስከ ታች ስንት የነጥብ መስመር እንዳለው የሚናገሩ ናቸው። እያንዳንዱ መጠን ደግሞ ጥቂት ጥቂት ሰከንድ ወደሚረዝሙ ቁራጮች ይከፋፈላል። ስልኩ አንዱን ቁራጭ እያሳየ ቀጣዮቹን አስቀድሞ ይቀበላል። መስመሩ ሲደክምበት የሚቀጥለውን ከአነስተኛው መጠን ያስመጣል፤ ፊቱ በመሃል ደብዝዞ ተመልሶ የሚጠራው ለዚህ ነው። ምንም ካልደረሰው ያቺ ክብ ትዞራለች። ይህን ስነግራት «በጆንያ በጆንያ ነው የሚመጣው በለኛ» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ስለዚህ ጥራቱን መወሰን ማለት ጆንያው ስንት ኪሎ ይሁን ማለት ነው። በግምት አንድ ሰዓት ቪዲዮ በ144 መቶ ሜጋ አካባቢ ይወስዳል፤ በ360 ሦስት መቶ፣ በ720 ከጊጋ ይበልጣል፤ በ1080 ሁለት ጊጋና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ለእጅ ስልክ ስክሪን 240 ወይም 360 ይበቃል። ድራማ ፊት ማየት ነው፤ ኳስ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር በተናገርኩ። ቪዲዮው እየሄደ ባለጥርሷን የቅንብር ምልክት ነክቶ ጥራት የሚለውን ማውረድ ነው፤ ዳታ ቆጣቢውን ምርጫ አንዴ በቅንብሩ ውስጥ ካደረጉት በየጊዜው መንካት አያስፈልግም። ማስታወቂያውም ከዚያው ከጥቅሉ ይበላል፤ «ዝለል» የምትለዋ ስትመጣ መዝለል ነው።

ጥቅሉን ከ*999# ሲገዙም ሰዓት አለው። የሌሊቱ ከቀኑ ይረክሳል። ለቡና ሰው ይህ ዕድል ነው፤ እሷ ስትገባ ርካሹ ሰዓት ጀምሯል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማውረድ ነው። ከቪዲዮው ሥር የማውረጃ ምልክት ካለ፣ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ሁለት ሦስት ክፍል አስገብቶ መሄድ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዳታም ኮኔክሽንም አይጠይቅም። አንዳንዱ ቪዲዮ ላይ ምልክቷ አትሠራም፤ ያኔ ሌላ መንገድ የለም። አክስቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ከተማ ስትወጣ ዋይፋይ ያለው ካፌ ማኪያቶ ታዛለች። የቡና ነጋዴ ማኪያቶ ገዝታ ስትጠጣ የምትገርም ነገር ናት፤ እሷ ግን የምትከፍለው ለማኪያቶው እንዳልሆነ ታውቃለች።

ድጋሚው የሚቀመጥበት መደርደሪያ፣ ዩቲዩብ፣ የራሳችን አለመሆኑ አንድ ጣጣ አለው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ማኅበራዊ ሚዲያው ተገድቦ በነበረ ጊዜ ዩቲዩብም ያለ ቪፒኤን አይከፈትም ነበር። ጣቢያዎቹ በሳተላይት እያስተላለፉ፣ ድጋሚያቸው ግን ተቆልፎ ከረመ።

መልሶ የሚታየው ድራማ ብቻ አይደለም። የአካባቢያችን የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ነው። እንሰቱና ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር አብረው የሚኖሩበት ያ ቁልቁለት፣ የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮች ስማቸው የተጠራበት ሰዓት በኢንተርኔት በቀጥታ ተላልፏል፤ ተቀርጾም ተቀምጧል። ያን ቀን ሥራ ላይ የነበረ ሰው ዛሬ ማየት ይችላል። የጌዴኦዎች የደራሮ በዓል ቪዲዮም እንደዚሁ ነው፤ በጌዴኡፋ ቋንቋ የሚዘፈነው፣ አባ ገዳው የሚመርቁት፣ ሰው በየዓመቱ የሚጭነው። በጌዴኡፋ የተሠራ ተከታታይ ድራማ ፈልጌ ግን እጄ ባዶ ነው የተመለሰው፤ እስካሁን የከፋኝ እሱ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ መፈልፈያው ድረስ ሄጄ አየኋት። ግዢው አልቋል፤ ሞተሩ ይሠራል፤ የተፈለፈለው በቦዩ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ አጠገቧ ተቀምጧል። ስልኩን ጀሪካን ላይ አስደግፋዋለች፤ ድምፁ በሞተሩ ስለሚዋጥ ሁለቱም ወደ ፊት ጎንበስ ብለዋል። በመሃል ስልኩ ጠራና ድራማው ቆመ። አረብ አገር ያለችው ልጇ ናት። እሷ የምታየው በአሠሪዎቿ ዋይፋይ ስለሆነ፣ ክፍሉ እንደተጫነ ነው የምትጨርሰው፤ ከሁላችንም ትቀድማለች። ሰላምታው ሳያልቅ «እማዬ፣ ያቺ ልጅ ለካ...» ብላ ጀመረች።

አክስቴ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ጮኸች፤ «ዝም በይ! እኔ ገና ክፍል ዘጠኝ ነኝ!»