የጋይሳይ አጋዘኖችና የስንዴው ሜዳ

ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚወስደው መንገድ ዲንሾ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለውን የጋይሳይን ሸለቆ ያቋርጣል። በማለዳ የደረሰ መንገደኛ ከመኪናው ሳይወርድ የደጋ አጋዘን መንጋ ማየት ይችላል። አሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው፣ ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም የማይኖረው እንስሳ የወይብ ወንዝ በሚያረጥበው ሣር ላይ ይግጣል። እዚያው ሣር ላይ ላም፣ በግና ፈረስም አለ።

ከብቱ ከባሌ ተራሮች ፓርክ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ከፓርኩ እኩል ያረጀ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩን በዓለም ቅርስነት ከመዘገበ ወዲህ ደግሞ የአካባቢው ሰው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ለችግሩ ዘወትር የሚጠቀሱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ሕዝቡ በዛ፣ ሕጉ ላላ ይባላል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ፓርክ ወሰኑ በሕግ የጸናለት በ2007 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ጠባቂው ይዞ የሚከራከርበት በቂ ሕግ አልነበረውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከፓርኩ ወሰን ውጭ ያለው፣ በክርክሩ ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይነሳው ምክንያት ነው። የታችኛው ሜዳ ታርሶ አልቋል።

የባሌ አርብቶ አደር ከብቱን ዓመቱን ሙሉ ተራራ ላይ የማቆየት ልማድ አልነበረውም። ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓት ታች ያለው ማሳ ሰብል ሲይዝ ከብቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ቃርሚያውን ሊግጥ ይመለሳል። ተራራው በየዓመቱ የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ይህን ሥርዓት ያፈረሰው የእረኛው ስግብግብነት አይመስለኝም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በአርሲ፣ በጭላሎ የተጀመረው ካዱ የተባለ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ፣ የስንዴን ትርፍ ያዩ ባለርስቶች ትራክተር አስገቡ፤ ጭሰኛውና ከብቱ ከመሬቱ ተነሱ። ደርግ በተራው በባሌ ሜዳ የመንግሥት እርሻዎችን ዘረጋ፣ ተበታትኖ ይኖር የነበረውንም ሰው በመንደር ምሥረታ ሰበሰበው። ዛሬ ሮቤና ሲናና ዙሪያ ዓይን እስኪታክት ስንዴ ነው። በዚያ ላይ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ገናና ቦና በሚባሉት ሁለት ወቅቶች ማሳው አንዱን ሰብል አስረክቦ ሌላውን ይቀበላል። ታዲያ ከብቱ መቼ ይመለስ? ወዴትስ?

ይህን ስንዴ ሁላችንም እንበላዋለን፤ ይታረስ አይታረስ የሚል ክርክር የለኝም። ዋጋውን እየከፈለ ያለው ማን እንደሆነ ግን መታወቅ አለበት።

ጋይሳይ ትንሽ ሸለቆ ናት። የአጋዘን እናት ግልገሏን ከወለደች በኋላ ለሳምንታት ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ እየተመላለሰች ታጠባለች። ከብት የረጋገጠው ቁጥቋጦ መደበቂያ አይሆንም፤ ከእረኛው ጋር የሚመጣው ውሻ ደግሞ ግልገሉን አሽትቶ ያገኘዋል። በውሻ የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ከፍ ብሎ ባለው አምባ የቀይ ቀበሮ ቤተሰቦችን ደጋግሞ ፈጅቷል። አጋዘኑም ቀን ሣሩን ሲሻሙት ውሎ ሌሊት ወደ ገብስ ማሳ ይወርዳል። ገበሬው በብርድ ማሳው ዳር ሲጠብቅ ያድራል፤ ለተበላበት ገብስ ካሳ የሚከፍለው የለም። አገር ጎብኚው በማለዳ በደስታ የሚመለከተው ያ እንስሳ፣ ለገበሬው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳው ነው።

ቅሬታ ሲከማች ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የፓርኩ ኬላዎች ተዘረፉ፣ አጋዘኑ ላይ ጥይት ዘነበ። በሰሜናዊው የፓርኩ ክፍል ከሺህ በላይ ይገመት የነበረው ቁጥር ወደ 150 ገደማ ወረደ። ዘሩ የተረፈው በአብዛኛው በዲንሾ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ተጠግቶ ነው። ሰውንና ከብትን በኃይል ማስወጣት ይበቃል የሚሉ ሰዎች ይህን ዓመት ለምን እንደሚዘነጉት አይገባኝም።

ከብቱ እንዳለ ይቆይ ማለትም አልችልም። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሱት ወንዞች ታች በሶማሌ ቆላና ከድንበር ማዶ ጭምር 12 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው ውኃ ይሰጣሉ ተብሎ ይገመታል። ዝናቡን እንደ ሰፍነግ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቀው ረግረግ ሲረገጥና ሲደርቅ፣ ችግሩ መጀመሪያ የሚደርሰው ጋይሳይን አይቶ በማያውቀው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ በየጊዜው የሚወጡት ሰውን የማንሳትና የማስፈር ዕቅዶች ሲነገሩ እኔ የምፈልገው አንድ መስመር ነው፤ ሜዳው ሁሉ ሰብል በያዘበት ጊዜ የእነዚህ ሰዎች ከብት የት ይውላል? ኮምባይነር ያጨደው ስንዴ ገለባው ማሳ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ታስሮ፣ ተከምሮ፣ እስከ ዲንሾና አዳባ ቢጓጓዝ ለብዙ ላም ቀለብ ይሆናል። ለዚህ መጋዘን፣ መኪናና በጀት ያስፈልጋል፤ ወጪውንም ከእረኛው ይልቅ ከሜዳው ያተረፈው ወገን ቢሸከመው ተገቢ ነው። መኖ የሌለበት ዕቅድ ከብቱን ለጥቂት ወራት ያርቀው እንደሆነ እንጂ፣ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ጋይሳይ ላይ እናገኘዋለን።